ሐጂ ኡመር አሰብን አልሸጥም ያሉ ለት

ከአሰብ ከተመለስኩ ወዲህ ደሴ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ሙቀቱስ?» ይለኛል። ሙቀቱማ ሙቀት ነው፤ ምን ይወራለታል! ባሕሩን አየሽው ወይ የሚለኝ እንኳ ጥቂት ነው። ስለ ሐጂ ኡመር ግን አንድም የጠየቀኝ የለም፤ ከየት አውቆ! ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመነሻዬ ጀምሬ ልጽፈው ነው። አንብባችሁ ስትጨርሱ ታዲያ መልሳችሁ ስለ ሙቀቱ እንዳትጠይቁኝ።

ጣጣውን ያመጣብኝ ወንድሜ ጌታቸው ነው። ጌታቸው አሰብ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ኦፕሬተር ነው። እዚያ መምህር ኢድሪስ የሚባል የታሪክ አስተማሪ ለከተማው ሰው አንድ ዝግጅት አሰናድቷል፤ ሽማግሌዎች የጥንቱን ያወራሉ፣ ሕዝቡ እየዞረ የድሮውን ሰፈር ያያል፣ በመጨረሻም የጥንቱ ነገር በአደባባይ እንደ ገና ይሠራል። ለዚህ ልብስ ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ ደሴ በልብስ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ የስፌት መኪና ላይ ያረጀሁ ሴት ነኝ። «እታለም፣ ለአንድ ባላባትና ለአንድ ጣሊያን የሚበቃ ጨርቅ ይዘሽ ነይልኝ» ብሎ ላከብኝ። የሙሽራ ልብስ ሰፍቻለሁ፣ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ፤ ጣሊያን ግን ሰፍቼ አላውቅም።

ሰኞ

የደሴ ብርድ አጥንት ይሰብራል። እኔ ሞኟ ያንን ብርድ አይቼ ለአሰብ ለበስኩ፤ ሹራብ፣ በላዩ ጋቢ፣ እግሬ ላይ ካልሲ። ሻንጣዬ ውስጥ ጨርቁ፣ ከጨርቁ ላይ ለጌታቸው የያዝኩለት አንድ ቆርቆሮ ንጥር ቅቤ። ቀበሌ እግሬ እስኪቀጥን አመላልሶ የሰጠኝን የይለፍ ወረቀት ደግሞ በደረቴ ሸጉጬዋለሁ።

ኮምቦልቻ ላይ የጌታቸው ወዳጅ ጋሽ በላይ በኤንትሬ የጭነት መኪናው ጠበቀኝ። ከወደብ ስንዴ ሊያመጣ ባዶውን የሚወርድ ሹፌር ነው። ተሳቢው ባዶ ስለሆነ በየጉድጓዱ ይንኳኳል፤ ለማውራት መጮኽ ነው። ባቲ ስንደርስ ጋቢዬን አወለቅሁ። ከባቲ ወረድ ስንል ሹራቤን። ሚሌ ስንቃረብ ካልሲዬን። ጋሽ በላይ በጎን እያየኝ፣ «እትዬ ዘርፌ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ለአሰብም የሚወልቅ ያስቀሩ» ብሎ ሳቀብኝ።

ሚሌ ኬላ ላይ ፈታሹ ሻንጣውን ክፈቺ አለኝ። ከፈትኩ። ወይ ጉዴ! ቅቤው ቀልጦ ዘይት ሆኗል፤ በክዳኑ ሾልኮ ለጣሊያኑ ኮት ያመጣሁትን ካኪ ጨርቅ አጥግቦታል። ፈታሹ አሸተተና፣ «ምንድን ነው ይሄ?» አለ። «የጣሊያን ኮት ነው» አልኩት። መሳቅ ወይም ማሰር አማረው መሰለኝ፤ ደግነቱ ሳቁ ቀደመ። ባልደረባውን ጠርቶ አስሸተተው፤ ሁለቱም ሲስቁ አለፍን።

ያደርንበት ሻይ ቤት ባለቤት የወሎ ሴት ናት፤ የአገሯ ሰው መሆኔን በአነጋገሬ አወቀች። ጨርቁን ስታይ ሳልለምናት ተቀበለችኝና በፈላ ውኃና በአመድ ታሸው ጀመር። እኛ ደሴ ውኃ ደጃችን ላይ ሲፈስ ዘልለነው እንሄዳለን። እዚያ ውኃ በበርሜል ተጭኖ ነው የሚመጣ። «ኧረ ተይው፣ ውኃሽን ጨረስሽው» ብላት፣ «ዝም በይ፤ የአገሬ ሰው ቆሽሾ አይሄድም» አለችኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቆሻሻው ወጣ፤ ሽታው ግን አልወጣም፤ ኮሰረቱና ኮረሪማው እንዳለ ቀረ።

ማክሰኞ

ከሰርዶ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት ልንገራችሁ? ድንጋይ ነው፤ ጥቁር ድንጋይ፣ አሁንም ጥቁር ድንጋይ። እንቅልፍ ወስዶኝ ነቃሁ፣ ያው ድንጋይ። ጋሽ በላይ ጎማ ፈንድቶበት ሲቀይር ጥላ ፍለጋ ተሳቢው ሥር ገባሁና ጭንቅላቴን ከብረት ጋር አጋጨሁ። እብጠቱ ደሴ እስክመለስ አብሮኝ ነበር።

አመሻሽ ላይ ከፊት ለፊታችን ሰማዩ ወደ ታች የወረደ መሰለኝ። «ዝናብ ሊመጣ ነው» አልኩ። ጋሽ በላይ መሪውን እየመታ፣ «እትዬ፣ ባሕሩ ነው!» አለ። አፈርኩ። ግን እውነቴን ነው፤ እድሜዬን ተራራ ሥር የኖርኩ ሴት፣ ከዳር እስከ ዳር ምንም የማይከልለው ነገር አይቼ አላውቅም። የደሴውን ተራራ፣ ጦሳን ፈለግሁት፤ የት አባቱ!

ጌታቸው አቅፎ ሲያነሳኝ በላብ ተጣበቅን። እራት ዓሣ ነበር፤ ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ፣ ግድግዳው ከሚነድ የሸክላ ምድጃ ውስጥ የወጣ፤ ከሥሩ እንደ ትራስ የሰፋ ቂጣ። በእጄ እሾህ እየለቀምኩ ስበላ የጎረቤት ሴቶች ሳቁብኝና እየለቀሙ ያጎርሱኝ ጀመር። የተኛነው ግቢ ውስጥ፣ በገመድ በተጠለፈ አልጋ ላይ ነው። ቬንትሌተሩ በመስኮት ወደ ውጪ ዞሮልኝ ነበር፤ የሚያመጣው ግን የድስት እንፋሎት ነው። ሻዩም ጨው ጨው ይላል፤ ውኃው ነው አሉ።

ረቡዕ

ጧት መምህር ኢድሪስ መጣ። ቀጭን፣ ችኩል፣ ሲያወራ መነጽሩን የሚያወልቅ የአሰብ ልጅ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ያሳየኝ ባሕሩ ዳር ያለውን አሮጌ የድንጋይ ቤት ነው። ወፍራም ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ውስጡ ቀዝቃዛ። «እትዬ፣ እዚህች ቤት ውስጥ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ማስወራት ነው የምፈልገው። በየሳምንቱ። እያንዳንዳቸው በሞቱ ቁጥር አንድ ሰፈር አብሮ ይሞታል» አለኝና መነጽሩን አወለቀ።

ቤቷ ግን ሌላም ፈላጊ አላት። ለእንዲህ ያለው ነገር ፈቃድ ሰጪው ጓድ ደምሴ የሚባል ካድሬ ነው፤ ቁልፉ በኪሱ ነው። የዓርቡን ዝግጅት መጥቶ ያያል። ካማረው ቁልፉን ለመምህሩ ይሰጣል፤ ካላማረው መጋዘን ትሆንና ቅዳሜ ጧት ሲሚንቶ ይገባባታል። ነገሩ ይኸው ነው። መምህሩ በዚህች ቁልፍ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል።

የሚሠሩትም ታሪክ ይህ ነው፤ ጥንት አንድ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ ይህን ጠረፍ ከአፋር ባላባቶች በገንዘብ ገዛ። አሰብ በባዕድ እጅ የገባችው እንዲያ ነው። «ውሉ መርከብ ላይ ነው የተፈጸመው የሚሉ አሉ። እኛ ያለን የዓሣ ጀልባ ስለሆነ ምድር ላይ እናድርገው» አለ መምህሩ። ጣሊያኑን ጌታቸው ይሆናል፤ ቀይ ስለሆነ። ባላባቱን ሐጂ ኡመር።

ከሰዓት ሐጂን ለካሁ። ረጅም የአፋር ሽማግሌ ናቸው፤ ትከሻቸው የወጣት ነው። ሜትሬን በደረታቸው ላይ ሳዞር እጃቸውን ዘርግተው ቆመው፣ «ልጄ፣ አሳምረሽ ስፊው» አሉኝ። «የኔ አያት ያን ጊዜ ነበር። ሻጭ አይደለም፤ ድሃ ነበር። ሻጭና ገዢ የተቀመጡበትን ምንጣፍ ያነጠፈው እሱ ነው። እስከ ዛሬ የተጣላን ሰው ሁሉ የአንጣፊው ልጆች ይለናል።» ይህን ሲሉ አልሳቁም። ስፌቱን ሁለት ጊዜ ደገምኩት።

ሐሙስ

የጉብኝቱ ቀን። የማጣሪያ ሠራተኞች፣ የወደብ ጸሐፊዎች፣ ሚስቶች፣ እኔ ጃንጥላዬን ይዤ፤ መሪያችን ሐጂ ኡመር። ተነስተን ገና ጥግ ሳንዞር አንድ ሽርጥ የለበሰ ዓሣ አጥማጅ አገኙ። ቆሙ። ኧረ ምን ቆሙ፤ ቁጭ አሉ! ሐጂ በአፋርኛ ጠየቁ፣ ሰውየው መለሰ፤ ሰውየው ጠየቀ፣ ሐጂ መለሱ። እኛ ፀሐይ ላይ ቆመን እንጠበሳለን። ጨርሰው ተነሱ። ጥቂት ሄደን ሌላ ሰው። እንደገና ቁጭ።

እኔ ትዕግስት የለኝም፤ ሁሉም ያውቃል። «መምህር፣ እኒህ ሰውዬ አገር ሊያሳዩን ነው ወይስ ዘመድ ሊጠይቁ?» አልኩ።

«ዳጉ ነው እትዬ» አለኝ። «አፋር ከአፋር ሲገናኝ ወሬ ሳይለዋወጥ አያልፍም። ጆሮህ ምን ሰማ፣ ዓይንህ ምን አየ ይለዋል። የተጠየቀው ያየውን ይናገራል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም። በዳጉ የዋሸ ሰው አለቀለት። ከዚያ ወዲያ ማንም ወሬ አይነግረውም፤ ማንም አይሰማውም።»

«እኛ ደሴ ቢሆን መንደሩ በሙሉ ድዳ ሆኖ ይቀር ነበር» አልኩት። ከልቡ ሳቀ።

ደግሞም ጉብኝቱን ያሳመረው ይኸው ዳጉ ሆነ። ዒድ ከምትባል የጠረፍ መንደር በጀልባ የመጣ አንድ ሰው፣ እዚሁ ቅርብ ማዕበሉ አሸዋውን ጠርጎ አሮጌ መልሕቅ እንዳወጣ ለሐጂ ነገራቸው። ፕሮግራሙን ትተን ሁላችንም ወደዚያ። ዝገት የበላው፣ ከኔ የሚረዝም ብረት አሸዋ ውስጥ ተጋድሟል። ሐጂ ዳሰሱትና እያንዳንዱ ዓይነት መርከብ ከየት ይመጣ እንደነበር አወሩን፤ የየመኑን፣ የሕንዱን፣ ዕንቁ ጠላቂዎቹን። ደብተሯን ይዛ የመጣች አንዲት ጸሐፊ መጻፉን ትታ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔም ጃንጥላዬን ረስቼ ፊቴ ተላጠ።

ዓርብ

ከስግደት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ባሕሩ ዳር ሰው እንደ ጉድ ተሰበሰበ። ወዛደሩ በሙሉ ከነጓንቲው ነው የመጣው። ጓድ ደምሴ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ወጣት ነው፣ ኮፍያው ትንሽ ይሰፋዋል። መምህር ኢድሪስ አጠገቤ ቆሞ መነጽሩን ያወልቃል፣ ያደርጋል፣ ያወልቃል።

ጌታቸው በዓሣ ጀልባ መጣ። ካኪ ኮት፣ የፍየል ጠጉር ጺም። ከጀልባው ሲዘል ወገቡ ድረስ ባሕር ገባ። ጣሊያንኛ መናገር አለበት፤ የሚያውቀው ጣሊያንኛ ደግሞ የሥራ ቦታው የመሣሪያ ስም ብቻ ነው። ደረቱን ነፍቶ፣ «ካቻቢቴ!» ብሎ ጮኸ። «ፒንሳ! ሞርሳ! ጉርኒሲዮን ካምቢዮ!» መካኒኮቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ጓድ ደምሴም ሳቀ። መምህሩ ትንፋሽ አገኘ።

ሐጂ እኔ በሰፋሁላቸው ነጭ ልብስ ምንጣፉ ላይ ተቀምጠዋል። ጌታቸው በገንዘብ ስም ቡሎን የሞላ ሳጥን ፊታቸው አስቀመጠና በአማርኛ፣ «ይህን ጠረፍ ሽጡልኝ» አለ። ሐጂ «ሸጬልሃለሁ» ብለው ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ ማሳረፍ ነበረባቸው። እሳቸው ግን፣ «ተቀመጥ» አሉት። ተቀመጠ። አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አድርገው፣ «ቅቤ ትሸታለህ» አሉት። ሕዝቡ ሳቀ፤ እኔ መሬት ትዋጠኝ አልኩ።

«ጆሮህ ምን ሰማ? ዓይንህ ምን አየ?» አሉት።

«ይሄ የለም!» አለ መምህሩ በሹክሹክታ። «ባዘጋጀነው ውስጥ ይሄ የለም!»

ወንድሜ የዋህ ነው። ከልጅነቱ ሲጠይቁት እውነቱን ከመናገር ሌላ አያውቅም። «ከሩቅ ነው የመጣሁት» አለ።

«መሬቱን ምን ልታደርገው?»

«መርከብ ላቆምበት።»

«ከመርከቡ በኋላስ ማን ይመጣል?»

ጌታቸው ወደ መምህሩ አየ፤ መምህሩ መነጽሩን በእጁ ይዞ ደንዝዟል። «ወታደር» አለ።

እንዲህ ያለ ቃል በዚህ ዘመን በአደባባይ ሲነገር ሰው አንገቱን ይሰብራል። ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሳጥኑን በበትራቸው ገፉት፤ ቡሎኑ አሸዋው ላይ ተበተነ። «እንግዲያው አልሸጥም!» አሉ።

እልልታው! ጭብጨባው! ወዛደሮቹ ጓንቲያቸውን ወደ ሰማይ ወረወሩ። እኔም ለቅሶ ነው ሳቅ ነው ሳላውቀው እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ። ጓድ ደምሴ ዘሎ ተነሳና፣ «ይህ ነው ታሪክ!» አለ። «ሰፊው ሕዝብ ኢምፔሪያሊዝምን አንበርክኮ የመለሰበት! ለአብዮቱ በዓል ልክ እንዲሁ ትሠሩታላችሁ!» ቁልፏን ከኪሱ አወጣት። መምህሩ እጁን ዘረጋ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! ጓድ ደምሴ ግን ጭብጨባው ጣፈጠው መሰለኝ፣ ወደ ሐጂ ዞሮ፣ «አባት፣ ታሪኩ ልክ እንደዚህ ነው አይደለም? ለሕዝቡ ይንገሩት» አለ።

ሐጂ ምንጣፉ ላይ እንደ ተቀመጡ ናቸው። መምህሩ የኔን ክንድ ያዘ።

«አይደለም» አሉ ሐጂ። «ተሽጧል። ምንጣፉን ያነጠፈው የኔ አያት ነው። አልሸጥም ማለቱን ዕድሜዬን ሙሉ ተመኝቼ፣ ዛሬ በአፌ አልኩት። ግን ጠየቅኸኝ። እነዚህ ልጆች ነገ አልተሸጠም ብለው ቢያወሩ፣ ውሸታሙ እኔ ነኝ።»

ጓድ ደምሴ ፊቱ ጠቆረ። ወደ መምህሩ መጣ፤ ክፉ አልነበረም፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መምህር፣ ሽማግሌው ደክሟቸዋል ልበል? አንተ የታሪክ ሰው ነህ። አልተሸጠም በለኝና ቁልፏን ያዝ።»

መምህር ኢድሪስ ቁልፏን አያት። እኔ በሆዴ አልተሸጠም በለው፣ በለው እያልኩ ነበር፤ ምን ይደረግ፣ እኔ አፋር አይደለሁም። እሱ ግን መነጽሩን አደረገና፣ «ሐጂ ያሉት ነው ልክ። ተሽጧል» አለ።

ቁልፏ ወደ ኪስ ተመለሰች።

ቅዳሜ

ጧት መኪኖቹ መጥተው ሲሚንቶውን አራገፉ። ያቺ ቀዝቃዛ ቤት እስከ መስኮቷ ሞላች። መምህሩ ቆሞ አየና ፊቱን አዞረ። እኔ ላጽናናው አፌን ብከፍት ለቅሶ ቀደመኝ፤ ቁጭ አልኩ። እሱው አጽናናኝ።

ከሰዓት ሐጂ ምንጣፋቸውን ተሸክመው መጡ። «ልጄ፣ ቁልፍህን አስነጠቅኩህ» አሉት።

«እውነት ልንገርዎ ሐጂ፣ ሌሊቱን ተቆጥቼብዎ ነው ያደርኩት» አለ መምህሩ።

«ሐቅ አለህ» አሉት። ምንጣፉን ግድግዳው ሥር፣ ጥላው ባለበት ዘረጉትና ተቀመጡ። «ጥላው ትርፍ ቤት አይደለም፤ አይወረስም። በል ሰው ጥራ።»

መጥራት አላስፈለገም። ተሽጧል የሚለውን ሰምቶ፣ እንዴት ተሸጠ ሊል ያልመጣ የለም። ሴቶቹ፣ ወዛደሮቹ፣ ያቺ ጸሐፊ፣ ጋሽ በላይ ሳይቀር ስንዴውን ጭኖ መጣ። ጥላው ሲገፋ እኛም ከነምንጣፋችን እንገፋለን። ሐጂ አያታቸው ምንጣፉን ከየት እንዳመጣ፣ ማን በየት በኩል እንደተቀመጠ ሁሉንም አወሩ፤ ከሳቸው የሚበልጡ አንድ ሽማግሌም እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው ብለው ቀጠሉ። መምህሩ በደስታ መነጽሩን የት እንዳደረገ አያውቅም፤ ግንባሩ ላይ ነው።

በዚህ መሐል ጓድ ደምሴ ሲሚንቶውን ሊቆጣጠር መጣ። ጌታቸው ተነስቶ ሊሸሽ ሲል ልብሱን ጎትቼ አስቀመጥኩት። ሐጂ ግን ምንጣፋቸውን መታ መታ አድርገው፣ «ና፣ ፀሐይ ላይ አትቁም» አሉት። «ጆሮህ ምን ሰማ? ዓይንህ ምን አየ?»

«እውነቱን ነው የሚጠይቁኝ?» አለ ጓድ ደምሴ።

«ሌላውንማ በማይክሮፎን ሰምተነዋል» አሉት።

ጓድ ደምሴ ወዲያ ወዲህ አየ። ኮፍያውን አወለቀ፤ ያለ ኮፍያ ጭራሽ ልጅ ነው። መጥቶ ምንጣፉ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ኮፍያውን ጭኑ ላይ አደረገ።

«እናቴ ደብረ ማርቆስ ታማለች» አለ። «ሄጄ ልያት ብዬ ፈቃድ ብጠይቅ ከለከሉኝ።»

መምህር ኢድሪስ ተነስቶ ውኃ አቀበለው።